ሲስተም ዲስክ ሲሞላ፦ የሰርቨርን ፓርቲሽን የማስፋት ሥርዓትና ምክንያቱ



ነሐሴ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በጃፓን የሚገኙት 14 የቶዮታ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች ከነ28 የማምረቻ መስመሮቻቸው ሥራ አቆሙ። ኩባንያው ከሳምንት በኋላ ያወጣው መግለጫ ምክንያቱን በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አስረዳ። ከሁለት ቀን በፊት የዕቃ ማዘዣዎችን በሚያስተናግዱት ሰርቨሮች ላይ የተለመደ የጥገና ሥራ ተካሂዶ ነበር። በዳታቤዙ ውስጥ የተጠራቀመው መረጃ ሲሰረዝና ሲደራጅ የዲስኩ ቦታ አልበቃ አለ፤ ሲስተሙም ቆመ። ተጠባባቂው ክፍል በዚያው ሲስተም ላይ የሚሠራ ስለነበር እርሱም ተመሳሳይ ብልሽት ደረሰበትና ሥራውን ወደ እርሱ ማዞር አልተቻለም። ፋብሪካዎቹ በማግስቱ ሥራ የጀመሩት መረጃው ሰፋ ያለ ዲስክ ወዳለው ሰርቨር ከተዛወረ በኋላ ነው።

ከዚህ ክስተት አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ቦታ ለማስለቀቅ የሚደረግ ሥራ ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ዳታቤዝ መረጃ ሲሰርዝ የሚሰርዘውን ነገር አስቀድሞ በራሱ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ስለዚህ ዲስኩ ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ መሰረዝም ያስቸግራል። ዲስክ የማስፋት ሥራ ከመሙላቱ በፊት መታሰብ ያለበት ከዚህ የተነሣ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ፓርቲሽንን ማስፋት ስለ አንድ ቦታ የተጻፉ በርካታ መዝገቦችን ተራቸውን ጠብቆ እርስ በርስ የማስማማት ሥራ ነው። ተራው ከተጠበቀ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ ሳይጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈጸማል። ተራው ከተዛባ ግን የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የውጤት መዝገብና የዓመታት የምርምር መረጃ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ ቦታውን ምን እንደጨረሰው እንዴት እንደምንመረምር፣ ቀጥሎ መዝገቦቹ የትኞቹ እንደሆኑና ተራቸው ለምን እንዲህ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ነገሩ እንዳይደገም ምን ማድረግ እንደሚገባ እናገራለሁ። በዚህ ንግግር ጊጋባይት ስል 1,024 ሜጋባይት ማለቴ ነው።

ሲስተም ዲስክ የምንለው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የተጫነበትንና ሰርቨሩ የሚነሣበትን ዲስክ ነው። ይህ ዲስክ ሲሞላ የሚከተለው ችግር ሌላ የመረጃ ዲስክ ሲሞላ ከሚከተለው የተለየ ነው። የመረጃ ዲስክ ሲሞላ አዲስ ፋይል ማስቀመጥ ያቅታል፤ ሰርቨሩ ግን በእግሩ ቆሞ ችግሩን ይነግረናል። ሲስተም ዲስክ ሲሞላ ጊዜያዊ ፋይሎች አይፈጠሩም፣ የክንውን መዝገቦች ማለትም ሎጎች አይጻፉም፣ በመካሄድ ላይ ያለ የሶፍትዌር ማሻሻያ መንገድ ላይ ይቀራል። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ የቅድሚያ መዝገቡን የሚጽፍበት ዲስክ ከሞላ ራሱን ያቆማል፤ የጸደቀ መረጃ ባይጠፋም ቦታ እስኪለቀቅለት ድረስ አገልግሎት አይሰጥም። የሊኑክስ ኤክስት4 ፋይል ሲስተም ሲፈጠር፣ ካልተለወጠ በቀር፣ ከቦታው 5 በመቶውን ለሥር ተጠቃሚው ማለትም ለሩት የሚያስቀምጠው ይህን በማሰብ ነው። በ40 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ይህ 2 ጊጋባይት ይሆናል። ተራው ተጠቃሚ «ዲስኩ ሞልቷል» ሲባል አስተዳዳሪው ገብቶ የሚሠራበት ጥቂት ቦታ የሚያገኘው ከዚያ ነው።

እንግዲህ «ዲስኩ ሞልቷል» የሚል መልእክት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ሞላው?» መሆን ይገባዋል። በቀን 2 ጊጋባይት የሚጽፍ ሎግ ላለበት ዲስክ 40 ጊጋባይት ብንጨምርለት የገዛነው ጊዜ 20 ቀን ነው። ከ20 ቀን በኋላ እዚያው ቦታ እንገናኛለን።

በምርመራው ጊዜ ብዙዎችን ግራ የሚያጋቡ ሦስት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው ሁለት መለኪያዎች የተለያየ መልስ የሚሰጡበት ነው። በሊኑክስ ላይ ዲኤፍ የተባለው ትዕዛዝ ፋይል ሲስተሙን «ስንት ብሎክ ተይዟል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዲዩ የተባለው ግን በማውጫዎቹ ውስጥ እየዞረ የሚያያቸውን ፋይሎች ይደምራል። ዲኤፍ 38 ጊጋባይት ተይዟል ሲል ዲዩ 20 ብቻ ቢቆጥር ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። በሊኑክስ ፋይል መሰረዝ ማለት ስሙን ከማውጫው ላይ ማንሣት ነው። ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም እስካለ ድረስ ብሎኮቹ አይለቀቁም። ስለዚህ አንድ አስተዳዳሪ ትልቅ ሎግ ሰርዞ ቦታው ካልተመለሰለት፣ ሎጉን የሚጽፈው አገልግሎት እንደገና እንዲነሣ ማድረግ ይበቃዋል። ሌላው የልዩነቱ ምንጭ ማውንት የተደረገ ዲስክ ከሥሩ የሸፈነው ማውጫ ነው። ዲስኩ ከመያያዙ በፊት በዚያ ማውጫ ውስጥ የተጻፉ ፋይሎች ቦታ ይይዛሉ፤ ለዲዩ ግን አይታዩም።

ሁለተኛው ሁኔታ ባዶ ቦታ እያለ ፋይል መፍጠር የማይቻልበት ነው። ኤክስት4 እያንዳንዱን ፋይል አይኖድ በሚባል የመዝገብ ካርድ ይመዘግባል፤ የካርዶቹም ብዛት ፋይል ሲስተሙ ሲፈጠር ይወሰናል። የተለመደው ምጣኔ ለ16,384 ባይት አንድ ካርድ ነው። በ40 ጊጋባይት ላይ ይህ 2,621,440 ካርድ ይሰጣል። አንድ ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ ጎብኚ ትንሽ ፋይል እየፈጠረ የማያጠፋ ቢሆን፣ እያንዳንዱም ፋይል አንድ የ4,096 ባይት ብሎክ ቢይዝ፣ ካርዶቹ የሚያልቁት ከ40ው ጊጋባይት 10ሩ ብቻ ሲያዝ ነው። የፋይል ብዛት ከመጠኑ ይልቅ ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳይ የታወቀ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2004 ማርስ ላይ የነበረችው ስፒሪት የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ መደበኛ ሥራዋን አቋረጠች። በፍላሽ ማኅደሯ ውስጥ የተጠራቀሙት ፋይሎች ከመብዛታቸው የተነሣ ዝርዝራቸውን ለመያዝ የተመደበው ሚሞሪ አልበቃ ብሎ ኮምፒውተሯ ደጋግሞ እየጠፋ ይነሣ ነበር። መሐንዲሶቹ ፍላሹን ሳትነካ እንድትነሣ አዘዟት፤ ከዚያም ፋይሎቹን ሰርዘው ወደ ሥራዋ መለሷት።

ሦስተኛው ሁኔታ የሚያስፈራ መጠን እያሳየ በእጅ ሊነካ የማይገባው ማውጫ ነው። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ዊንኤስኤክስኤስ የተባለው ማውጫ ብዙ ጊጋባይት ይዞ ይታያል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ግን በሌላ ማውጫ ውስጥ ያለው ያው ፋይል በሁለተኛ ስም የታየ ነው፤ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል እንጂ ሁለት ጊዜ ቦታ አይዝም። የማያስፈልገውን ክፍል የሚያጸዳው ዲስም የተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ነው። በእጅ መሰረዝ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ማፍረስ ይሆናል።

ምርመራው ተደርጎ፣ የሚጸዳው ጸድቶ፣ ሰርቨሩ በእርግጥ ተጨማሪ ቦታ እንደሚያስፈልገው ከታወቀ ወደ ማስፋቱ እንሄዳለን። እዚህ ላይ ሁላችንም ከምናውቀው የቦታ ይዞታ ምሳሌ ልውሰድ። አንድ ሰው መሬት አለው፤ የመሬቱን ወሰን የሚያሳይ የይዞታ ካርታ አለው፤ በመሬቱም ላይ የሠራው ቤት አለው። ከጎኑ ያለው ባዶ መሬት ቢጨመርለት ቤቱ በዚያኑ ዕለት አይሰፋም። መጀመሪያ ካርታው መስተካከል አለበት፤ ከዚያም ቤቱ በአዲሱ ወሰን ውስጥ ተጨማሪ ክፍል ሊሠራለት ይገባል። በሰርቨር ላይ መሬቱ ዲስኩ ነው፤ ካርታው የፓርቲሽን ሠንጠረዡ ነው፤ ቤቱ ፋይል ሲስተሙ ነው። ሦስቱም ስለ ስፋታቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይይዛሉ፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላው በራሱ አያውቅም። ቨርቹዋል ዲስኩን ከ40 ወደ 100 ጊጋባይት አሳድጎ «ለምን አሁንም 40 ይለኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መሬቱን ተረክቦ ካርታውንና ቤቱን ያልነካ ሰው ነው።

ካርታውን ጠጋ ብለን እንየው። ኤምቢአር የተባለው የቀድሞው ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣ ነው። በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ ባሉት 512 ባይቶች ውስጥ ይኖራል፦ 446ቱ ለማስነሻ ኮድ፣ 64ቱ ለአራት ፓርቲሽኖች፣ የቀሩት 2 ባይቶች ለማረጋገጫ ምልክት። እያንዳንዱ ፓርቲሽን 16 ባይት ይደርሰዋል፤ በእነዚያም ውስጥ የመነሻው ሴክተርና የርዝመቱ መጠን በ32 ቢት ይጻፋሉ። የ512 ባይት ሴክተር ባለው ዲስክ ላይ በ32 ቢት ሊቆጠር የሚችለው 2 ቴራባይት ብቻ ነው። ስለዚህ በኤምቢአር የተከፈለን ዲስክ ከዚያ በላይ ማሳደግ ለፓርቲሽኑ አይጠቅመውም። ተተኪው ጂፒቲ በ64 ቢት ይቆጥራል፤ ሠንጠረዡንም በሁለት ቅጂ ይይዛል፦ አንዱን በዲስኩ መጀመሪያ፣ ሌላውን በመጨረሻው ላይ። ቨርቹዋል ዲስክ ሲያድግ «መጨረሻ» የተባለው ስፍራ ወደ ፊት ስለሚሸሽ ሁለተኛው ቅጂ መሐል ላይ ይቀራል። መሣሪያው «ሁለተኛው ሠንጠረዥ በቦታው የለም፤ ላስተካክል?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ይህ ዲስኩ መጎዳቱን አያመለክትም፤ ቅጂው ወደ አዲሱ መጨረሻ መዛወር አለበት ማለት ነው።

በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ያሉት ሁለት ቁጥሮች፣ መነሻና መድረሻ፣ እኩል ክብደት የላቸውም። መድረሻውን ወደ ቀኝ መግፋት ጥቂት ባይቶችን መለወጥ ነው፤ አንድም የመረጃ ብሎክ ከቦታው አይነቃነቅም። መነሻውን መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ፋይል ሲስተሙ የሁሉንም ነገር ቦታ የሚቆጥረው ከመነሻው ስለሆነ፣ መነሻው ከተለወጠ መረጃው ሁሉ ብሎክ በብሎክ ተጓጉዞ መስፈር አለበት። ከፓርቲሽኑ በስተቀኝ ያለ ባዶ ቦታ በቀላሉ የሚገኝ፣ በስተግራ ያለው ግን የሚያደክም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ፓርቲሽንን ከሠንጠረዥ ላይ ሰርዞ በዚያው መነሻ ላይ ረዘም አድርጎ እንደገና መጻፍ መረጃውን የማያጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ግን ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የቆዩ ዲስኮች የመጀመሪያውን ፓርቲሽን ከሴክተር 63 ይጀምሩ ነበር፤ የአሁኖቹ መሣሪያዎች ግን 2048ን ያቀርባሉ። የቀረበውን ዝም ብሎ የተቀበለ ሰው መነሻውን ስለሚስት ፋይል ሲስተሙ አይገኝም። እንዲሁም መሣሪያው «የፋይል ሲስተም ምልክት አግኝቻለሁ፤ ላጥፋው?» ሲል መልሱ «አይሆንም» ነው።

አሁን ወደ ተራው ምክንያት ደርሰናል። ፓርቲሽኑ ከፋይል ሲስተሙ ሰፍቶ ቢገኝ የሚደርሰው ጉዳት ጥቂት ያልተሠራበት ቦታ መኖሩ ነው። ፋይል ሲስተሙ ከፓርቲሽኑ ሰፍቶ ቢገኝ ግን ቤቱ ከካርታው ወሰን ውጭ ወጥቷል፤ ወይ ማውንት አልደረግም ይላል፣ ወይም የጎረቤቱን መረጃ ይረግጣል። ስለዚህ በማንኛውም ቅጽበት ውስጡ ከውጭው መብለጥ የለበትም። ከዚህ አንድ ሕግ ሁለት ተራዎች ይወጣሉ። ስናሰፋ ከውጭ ወደ ውስጥ እንሄዳለን፦ ዲስክ፣ ፓርቲሽን፣ ፋይል ሲስተም። ስናጠብ ከውስጥ ወደ ውጭ እንመጣለን፦ ፋይል ሲስተም፣ ፓርቲሽን፣ ዲስክ። ይህን ሕግ የያዘ ሰው ትዕዛዞቹን ቢረሳ እንኳ ተራውን ራሱ ያወጣዋል።

በምሳሌ ልግለጸው። በጂፒቲ የተከፈለ፣ ኤክስት4 ያለበት፣ 40 ጊጋባይት ቨርቹዋል ዲስክ ያለው የፋኩልቲ ሰርቨር አለ እንበል፤ ዋናው ፓርቲሽን ከሁሉም ወደ ቀኝ ያለው ነው። በመጀመሪያ በቨርቹዋል ማሽኖቹ አስተዳደር ገጽ ላይ ዲስኩን ወደ 100 እናሳድጋለን። ሁለተኛ፣ የሊኑክስ ከርነል አዲሱን መጠን ማየቱን እናረጋግጣለን። ሦስተኛ፣ ግሮውፓርት በተባለው መሣሪያ የፓርቲሽኑን መድረሻ እንገፋለን፤ መሣሪያው የጂፒቲውን ሁለተኛ ቅጂም ያዛውራል፣ ለከርነሉም አዲሱን ወሰን ይነግራል። አራተኛ፣ ሪሳይዝ ቱ ኤፍኤስ የተባለው ትዕዛዝ ፋይል ሲስተሙን ያሰፋል። ኤክስት4 ቦታውን 128 ሜጋባይት በያዙ የብሎክ ቡድኖች ስለሚያደራጅ 60 ጊጋባይት ሲጨመር 480 ያህል አዳዲስ ቡድኖች ይፈጠራሉ፤ የአይኖድ ካርዶቹም በዚያው መጠን ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ተጠቃሚዎች እየሠሩበት ነው። ፋይል ሲስተሙ ኤክስኤፍኤስ ከሆነ በአራተኛው እርምጃ የሚያስፈልገው ኤክስኤፍኤስ ግሮውኤፍኤስ ነው፤ ይህኛው እንዲያውም ፋይል ሲስተሙ ማውንት መደረጉን ግዴታ ያደርጋል። በመጨረሻ በዲኤፍ ውጤቱን እናያለን፤ በተመረጠ ሰዓትም ሰርቨሩን አጥፍተን በማስነሣት በትክክል መነሣቱን እናረጋግጣለን።

ከዚህ ምሳሌ ይልቅ በሥራ ላይ የሚያጋጥመው ብዙውን ጊዜ በስተቀኝ ጎረቤት ያለበት ነው። በሊኑክስ ይህ ጎረቤት አብዛኛውን ጊዜ ስዋፕ ነው። ስዋፕ ሚሞሪ ሲጠብ የሚሞሪ ገጾች ለጊዜው የሚያርፉበት ቦታ ስለሆነ በውስጡ የሚዘልቅ መረጃ የለም። በቂ ሚሞሪ መኖሩን አይቶ ማጥፋት፣ ፓርቲሽኑን መሰረዝ፣ ዋናውን ማስፋት፣ ከዚያም ስዋፑን በዲስኩ መጨረሻ ወይም በተራ ፋይል መልክ እንደገና መፍጠር ይቻላል። አዲሱ ስዋፕ አዲስ መለያ ቁጥር ስለሚያገኝ ግን ሲስተሙ ሲነሣ በሚያነበው ኤፍኤስታብ በተባለው ፋይል ውስጥ የነበረው አሮጌ ቁጥር መለወጥ አለበት። ይህ ከተዘነጋ ሰርቨሩ ሲነሣ የሌለ ዲስክ እየጠበቀ ይዘገያል። የክላውድ አቅራቢዎች በሚያዘጋጇቸው የሊኑክስ ምስሎች ዋናውን ፓርቲሽን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚያደርጉት ይህን ጣጣ ለማስቀረት ነው፤ ክላውድ ኢኒት የተባለው ፕሮግራምም ሰርቨሩ ሲነሣ ማስፋቱን ራሱ ይፈጽመዋል።

በዊንዶውስ በኩል የጎረቤቱ ጉዳይ ጠንከር ይላል። በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ዲስክፓርት የተባለው መሣሪያ የሲስተሙን ፓርቲሽን ማስፋት አይችልም ነበር። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ ተችሏል፤ ሆኖም ባዶው ቦታ ከፓርቲሽኑ በስተቀኝ ተጠግቶ የሚገኝ መሆን አለበት። በመሐል ሲስተሙ ሲበላሽ የሚያገለግለው የመልሶ ማቋቋሚያ ፓርቲሽን ካለ «ቮልዩም አስፋ» የሚለው ምርጫ ደብዝዞ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የሆነው ይህ ክፍልፋይ ቀላል እንዳልሆነ አሳይቷል። ማይክሮሶፍት ለመልሶ ማቋቋሚያው ሶፍትዌር ያወጣው የደኅንነት ማሻሻያ በዚያ ፓርቲሽን ውስጥ 250 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልግ ስለነበር፣ ፓርቲሽናቸው ጠባብ በሆነባቸው የዊንዶውስ 10ና የዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ኮምፒውተሮች ላይ ሳይጫን ቀረ። የተሰጠውም መመሪያ መልሶ ማቋቋሚያውን ለጊዜው አቦዝኖ፣ ዋናውን ፓርቲሽን በ250 ሜጋባይት አጥብቦ፣ የመልሶ ማቋቋሚያውን ፓርቲሽን ሰርዞ ሰፋ አድርጎ መፍጠርና እንደገና ማንቃት ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ያው ሕግ ነው፦ አንዱን ለማስፋት ሌላው በቅድሚያ ጠበበ፣ ተራውም ተጠበቀ።

ጎረቤት እንቅፋት የሚሆነው ፓርቲሽን አንድ ያልተቆራረጠ ስፍራ መሆን ስላለበት ነው። ይህን ግዴታ የሚያነሣ መፍትሔ አለ። ሃይንዝ ማውልስሃገን እ.ኤ.አ. በ1998 ለሊኑክስ የጻፈው ኤልቪኤም፣ ቀድሞ በኤችፒ ዩኤክስ የነበረውን ንድፍ በመከተል በፓርቲሽኑና በፋይል ሲስተሙ መካከል አንድ ተጨማሪ መዝገብ ያስገባል። ቦታውን እኩል ስፋት ባላቸው ቁራጮች ይከፍለዋል፤ የተለመደው ቁራጭ 4 ሜጋባይት ነው፣ በዚህ ስሌት 60 ጊጋባይት 15,360 ቁራጭ ይሆናል። ቁራጮቹ ጎን ለጎን መሆን አይጠበቅባቸውም፤ ከሌላ ዲስክም ሊመጡ ይችላሉ። ምቾቱ ግን ዋጋ አለው። መዝገቦቹ አራት ስለሆኑ ለመስማማት የሚጠብቁትም አራት ሆነዋል። አንድ ፋይል ሲስተም ያለ ምንም መከላከያ በሁለት ዲስኮች ላይ ከተዘረጋ ደግሞ ከሁለቱ የአንዱ ብልሽት ሁሉንም ያሳጣል።

ስለ ጥንቃቄ የምለው አጭር ነው፤ ሆኖም ከዛሬው ንግግር አንዱን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እንድትይዙ እመኛለሁ። ማንኛውም የፓርቲሽን ለውጥ ከመጀመሩ በፊት መጠባበቂያ ቅጂ መኖር አለበት፤ ቅጂ የሚባለውም በሌላ ቦታ ተመልሶ ተከፍቶ የታየ ነው። የቨርቹዋል ማሽን ስናፕሾት በዚያው የማከማቻ ሥርዓት ላይ የሚኖር ስለሆነ ቅጂን አይተካም። ቪኤምዌርን በመሰሉ ሥርዓቶች ላይ ደግሞ ስናፕሾት እስካለ ድረስ ዲስኩን ማሳደግ አይቻልም። የፓርቲሽን ሠንጠረዡን በጽሑፍ አውጥቶ ከሰርቨሩ ውጭ ማስቀመጥም ይገባል፤ የጥቂት መስመሮች ጽሑፍ ነው፣ ትክክለኛው መነሻ ከጠፋ ግን የሚመልሰው እርሱ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ብሎኮችን የሚያጓጉዝ ሥራ፣ ማለትም ማጥበብ ወይም መነሻን ማዛወር፣ ባትሪው በተረጋገጠ ዩፒኤስ ካልሆነ መጀመር የለበትም። መድረሻን መግፋት የሰከንዶች ሥራ ነው፤ ማጓጓዝ ግን ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ በመሐል ከተቋረጠ ግማሹ መረጃ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ ስፍራ ይቀራል።

አበው «መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ምክር ለዲስክም የተባለ ይመስላል። ነገር ግን ሰርቨር ስንተክል ከአምስት ዓመት በኋላ የሚኖረውን የተማሪ ቁጥር፣ የቪዲዮ ትምህርት መጠን ወይም የምርምር መረጃ በትክክል መመጠን አንችልም። ስለዚህ ንድፋችን ግምታችን እንደሚሳሳት አስቀድሞ የሚቀበል መሆን አለበት። ይህን የምንወስንበት መሠረት ማስፋትና ማጥበብ እኩል አለመሆናቸው ነው። ኤክስት4 እየተሠራበት ይሰፋል፤ ለመጥበብ ግን ከአገልግሎት መውጣት አለበት፣ ሲስተሙ ራሱ የቆመበት ከሆነም ከሌላ ማስነሻ መነሣት ግድ ይላል። ኤክስኤፍኤስ ደግሞ ከመነሻው ለማደግ እንጂ ለመጥበብ አልተሠራም። እንግዲህ ጥቂት ሰጥቶ በኋላ መጨመር ብዙ ሰጥቶ በኋላ ከመንጠቅ እጅግ ይቀላል። ከዲስኩ የተወሰነውን ለማንም ሳይሰጡ ማቆየት ብልህነት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የንድፍ ምክር የሚያድገውን ከማያድገው መለየት ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ በዝግታ ነው የሚያድገው፤ በፍጥነት የሚያድጉት ሎጎች፣ ዳታቤዞችና ተጠቃሚዎች የሚያስገቧቸው ፋይሎች ናቸው። እነዚህ የየራሳቸው ቮልዩም ካላቸው አንዱ ሲሞላ ሌላውን ይዞ አይወድቅም፤ ሰርቨሩም ቆሞ ችግሩን ይናገራል። ለሎጎችም ጣሪያ ማበጀት ያስፈልጋል። በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ያለው ጆርናልዲ በራሱ ከፋይል ሲስተሙ 10 በመቶ፣ ቢበዛም ከ4 ጊጋባይት እንዳያልፍ የተወሰነ ነው፤ በተራ ፋይል የሚጽፉ ፕሮግራሞች ግን አስተዳዳሪው ካልወሰነላቸው ወሰን የላቸውም። ከሁሉም በላይ ሰርቨሩ ከመሙላቱ በፊት የሚናገርበት ማስጠንቀቂያ ይኑረው፤ 80 በመቶ ሲደርስ የሚመጣ መልእክት ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል፣ 100 ሲሞላ የሚመጣው ግን የሚያገኘን በጭንቀት ሰዓት ነው። ማስጠንቀቂያው ከባዶ ቦታው ጋር የአይኖዶቹንም ቁጥር እንዲያይ አድርጉ።

ተማሪዎች ሆይ፤ አንዳንዶቻችሁ በቅርቡ የአንድ ተቋም ሰርቨር ኃላፊነት ትረከባላችሁ። በዚያ ዲስክ ላይ የሚኖረው የአንድ ሰው የሦስት ዓመት የመስክ መረጃ፣ የአንድ ቡድን ተመራቂዎች ውጤት፣ ሌላ ቅጂ የሌለው የታሪክ ሰነድ ሊሆን ይችላል። መሣሪያዎቹ ይለወጣሉ፣ የትዕዛዞቹም ስም ይለወጣል። ውስጡ ከውጭው መብለጥ የለበትም የሚለው ሕግ ግን መዝገቦች በመዝገቦች ላይ እስከተደራረቡ ድረስ ይጸናል። ትዕዛዙን ከመጻፋችሁ በፊት የትኛውን መዝገብ እንደምትለውጡ፣ ከሥሩና ከላዩ ያሉትም ምን እንደሚሉ በወረቀት ላይ ጻፉ፤ መልሱ ግልጽ ካልሆነላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።